በፖስታ የመጣ አደራ

በታኅሣሥ ውርጭ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት፣
ሙሉሸዋ ሣጥኑን አንሥታ ጆሮዋን ጣል አረገችበት፤
"ጋሽ ፍሊት፣ ይሄ ነገርማ ይተነፍሳል፣ ነፍስ አለበት!"
"ዓይነት" በሚለው መስመር ልጄ "ሬዲዮ" ብሎ ጽፏል፤
"ሳይዘጋው ልኮት ነው" አልኳት። ፈረምኩ፤ ውሸቴም አልፏል።

ሀያ ሁለት ዓመት ሙሉ መርጫ በጀርባዬ አዝዬ፣
ከጠባሴ እስከ በሬሳ ሆቴል ለሆቴል ውዬ፣
በረሮ የፈጀሁ ሰው ነኝ። አንዳርጌ መባል ድሮ ቀረ፤
"ጋሽ ፍሊት" አለኝ ሰፈሩ፣ ዕድሩም በመዝገብ አሰፈረ።

ከሣጥኑ ክዳን ሥር ደብዳቤ፦

"አባባ፣
አከራዬ አየቻቸውና ሁለት ቀን ብቻ ሰጠችኝ።
አሥራ ሁለት ናቸው። የማዳጋስካር ዘር፤ አይበሩም፣ አይነክሱም፣
ሲቆጡ ብቻ ያፏጫሉ።
ውሃ በጥጥ አርጥበህ ስጣቸው፤ በሰሃን ከሆነ ይሰጥማሉ።
ካሮት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ጎመን። ጎመኑን ደህና አርገህ እጠበው፣
መርዝ ነክቶት ይሆናል።
ብርድ አይችሉም።
ትልቋ ሸጊቱ ትባላለች።
ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።
በልሁ"

ሌላ የማምነው ሰው የለኝም!
ሥጋን ለጅብ አደራ፣ ቅቤን ለውሻ ጥበቃ፤
ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው? ወይስ አባቱን አያውቅም በቃ?

ከፈትኩት።
በእንቁላል ካርቶን መሃል፣ ካውራ ጣቴ የወፈሩ፣
እንደ ተወለወለ ቡናማ ጫማ የሚያብረቀርቁ፣
አንቴናቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።
የቱታዬ ሽታ ማንነቴን ቀድሞ ነገራቸው መሰለኝ፤
እንደሚተነፍስ የአይሱዙ ጎማ
ሁሉም ባንዴ ፉፉፉ አሉ።
እግሬ ሳላዘው ተነሣ፤ እግር የኖረበትን አይረሳም።
መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ መርጫዬ ደጅ ያድራል፣ ቱታዬ አጥር ላይ ይሰቀላል፣
እጄን ሦስቴ ሳልታጠብ ያን ሣጥን ማን ይነካል?
እትዬ የሺመቤት ካሮቱን አይታ "ጥንቸል ገዛህ እንዴ?" አለች።
"አዎ፣ ጥንቸል።"
"ስንት?"
"አሥራ ሁለት።"
አማተበች።

የኛን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ባቄላ በቁሙ የሚያቃጥል፣
የሸዋ ሮቢት ሰው መጥቶ ባንድ ሌሊት የሚስል።
አምፖል አበራሁላቸው። ሌሊት ስምንት ላይ መብራት ሄደ፤
"አደራ በላ" የሚል ቃል በጨለማው ውስጥ ተራመደ።
ዳበስኩ። ሸጊቱ እግሯን አጥፋለች።
ጠራኋት፤ በረሮ ስጠራ ዕድሩ ባይሰማኝ ጥሩ።
ዝም።

ያን ብርድ ልብስ፣ ከፋብሪካው ገዝቼ ከነላስቲኩ ያኖርኩትን፣
እናቱ በታመመች ጊዜ እንኳ "ለእንግዳ ነው" ያለችውን፣
ቀደድኩና ሣጥኑን ጠቀለልኩበት።
ሸጊቱን ግን በብብቴ አስገባሁ።
ሀያ ሁለት ዓመት ስገድለው የኖርኩት ነገር እዚያ፣
ቀስ እያለ ሲሞቀው፣ በስድስት እግሩ
ጎድኔን አንድ በአንድ ቆጠረ።
ጎህ ሲቀድ አፏጨችብኝ።
እንኳን ተቆጣሽ፣ አልኳት።

ማክሰኞ ከሆቴል ተደወለ፤ ወጥ ቤቱ ተወሯል አሉ።
ሄድኩ። ረጨሁ። እንጀራ ነው፣ አልዋሽም።
እነዚህ ትንንሽ ናቸው፣ የሌላ ወገን ናቸው እያልኩ ረጨሁ።
ሣንቲሙን ተቀብዬ ስወጣ
አንዷ በጀርባዋ ተንጋላ አንቴናዋን ዘረጋች፤
ያን ዕለት እጄን ስንቴ እንደታጠብኩ አላውቅም።

ልጄ በልሁ፣
አከራይህን እግዜር ይይላት።
ሸጊቱ ትናንት ወለደች። ጠዋት እንደ ሩዝ ነጭ ነበሩ፣ ማታ ቡናማ ሆኑ።
ለካሮት ሁለት መቶ ብር ላክ።
የሺመቤት "ጥንቸሎቹን አሳየኝ" ብላ በሩን ልትሰብረው ነው።
አሥራ ሁለት ብለህ ነበር ያስረከብከኝ፤
ሠላሳ ሰባት ላይ ስደርስ ተንቀሳቀሱብኝና
እንደገና ልጀምር ነው።
ለመምጣት አትቸኩል፤ መንገዱም ብርድ ነው።
አባትህ
አንዳርጌ