ምን ትል ነበር

አድና ናት ያመጣችልኝ፣ የእትዬ ዝማም ልጅ፣
ከግብርና ቢሮ ስትመለስ፣ ባልዲ ይዛ በእጅ።
ገለጥ አድርጌ ባየው፦
ሁለት እፍኝ ቀይ ትል፣ እንደ ነጠላ ቋጭ የተጠላለፈ፣
ብርሃን ጠልቶ ወደ ታች የጎረፈ።
«ጋሼ ደምለው» አለችኝ፣ «ብቻዎን ነዎት፣ እነዚህን ያኑሩ፤
ልጣጩን ቀሃ ወንዝ ከሚደፉ፣ ለእነሱ ይገብሩ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት አቧራ የጠጣሁ ሰው፣
ከፋይል በቀር ነፍስ ያለው አርብቼ የማላውቀው፣
በጡረታዬ ጭሰኛ ያዝኩ፣
ሞፈር የለው፣ ቀንበር የለው።

ደንቡን ጽፋ ከበሩ ጀርባ ለጠፈችው፦
ሥጋ ክልክል። ቅቤ ክልክል። ወተትም፣ ዘይትም።
ሎሚ ያቃጥላቸዋል፤ በርበሬ አይስማማቸውም።
ይሄማ ጾም ነው፣ ፋሲካ የሌለው ሁዳዴ፤
ሰባ ዓመት ኖሬ እኔ፣ እንዲህ አልጾምኩም አንዴ።

በጋለ ሚስማር ባልዲውን በሳሁት፣
ከጓዳ፣ ከውሃው በርሜል ጎን አስቀመጥኩት።
የጎንደር ሌሊት ምሕረት የለውም፤
የአንጓችን አሮጌ ጋቢ፣ ሰው ሳያይ አለበስኩት።

የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አንገት፣ የተጨመቀ የሻይ ቅጠል፣
የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት፤ ግን
ከአንድ ሰው ድስት ስንት ፍርፋሪ ይተርፋል?
እትዬ ዝማም ገባቸው፤ በአጥሩ ላይ፣ በፌስታል፣
«ለከብቶችዎ» ይሉኛል፤ አቡን ቤት ሰፈር ይስቃል።

ነሐሴ ላይ እርጥበቱ በዛ፤ ደረቅ ወረቀት ፈለጉ።
ሳጥኔን ከፈትኩ።
የአቤቱታዬ ግልባጭ፣ ስለ ውሃው መስመር፣
ለቀበሌ፣ ለክፍለ ከተማ፣ ለማዘጋጃ፣ ከዓመት ዓመት ሳልታክት፣
«ጉዳዩ፦ በድጋሚ ስለማመልከት»፣
አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ።
እንደ ጎመን ከትፌ በተንኩላቸው።
በሦስት ሳምንት ማኅተሙም የለ፣ ፊርማዬም የለ።
ይኸው በዕድሜዬ፣ አንድ የሚመለከተው አካል
ጉዳዬን ሳያጓድል ተቀበለ።

ልጅ ሳለሁ፣ ስለ ገሃነም ሲነገር፣ «ትሉ የማያንቀላፋ» ሲባል፣
እግሬን ከብርድ ልብሱ ጫፍ እሰበስብ ነበር፣ ይነክሰኛል ስል።
ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አኖራለሁ፤
እውነት ነው፣ አያንቀላፋም፣ እሰማለሁ፦
ካፊያ ሣር ላይ እንደሚወርድ፣ ልስልስ ያለ፣ ቀስ የሚል፣
ጓዳ ውስጥ አንድ ሴት ጉድ ጉድ እንደምትል።

አንጓች ካረፈች አራተኛ ክረምቷ።
ሳኮርፍ፣ ሳህኑን እያስጠጋች «አፈር ስሆን፣ ቅመስ»፣
ስንቴ ማለቷ፣
ስንቴ አፈር ስትሆን፣ እኔ ቃሉን ሳልሰማ ስጎርስ።

በጥቅምት ባልዲውን ገለበጥኩ። ግም የለው፣ ክርፋት የለው፤
ጥቁር፣ ልዝብ፣ በጣት መሃል የሚፍረከረክ፣
ዝናብ የመታው ጫካ ሽታ ያለው።
ከአጥሩ ሥር፣ እሷ የተከለቻት ጌሾ፣ ደርቃለች ብዬ የተውኳት፣
ተንበርክኬ አጎረስኳት።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ጥፍር የምታክል ቅጠል።
አድና መጥታ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤
ለቢሮዋ ሪፖርት ይሆናል።
ዘወር ስትል፣ ባልዲውን እያየሁ
«ምን ትል ነበር?» አልኩ፤
ስለ ማን እንደጠየቅሁ፣ እኔም አላወቅሁ።
አንዱ ቀይ ከመዳፌ ተንሸራቶ
ጨለማው ውስጥ ገባ።

ለነገ የካሮት ቅጠል አለ።
ጋቢውን መለስኩባቸው።