ያልነካኋት ቁልፍ

መጥራህ፣ ከዓሣ ተራ ጀርባ፣ ከዳድከሪም ሱቅ፣
ሁለት የስፌት መኪና፣ እኔ፣ እስከ ጉልበቴ የደረሰ ጨርቅ።
አንድ ማለዳ ኸልፋን ገባ፣ የድሮ የጀልባ አለቃ፣
ግራ እጁ ዱላ ጨብጣ፣ ቀኙ ከጎኑ ደርቃ።

«ጠዋት ጠዋት ልጄ ነው እንደ ሕፃን የሚያለብሰኝ፤
በሌሊት ሸራ የሰቀልኩ ሰው፣ እጅጌ አሸነፈኝ።»
እጅ ሰጥቶ አያውቅም አሉ፣ ለማዕበል፣ ለአውሎ ነፋስ፤
አሁን እጁ ራሱ እምቢ አለ፣ ከደረት ወደ ራስ።

እኛ ጋ እጀ ጠባብ የሚባል ልብስ አለ፤ ሰፊ ይባላል የሚሰፋው፤
ይህን በየትኛው ዓረብኛዬ ለኸልፋን ላስረዳው?

ከብብቱ እስከ ወገቡ ተርትሬ፣ በክር ፋንታ
ማግኔት ደረደርኩ፤ መቀሴ በሮ ተለጠፈበት ባንድ አፍታ።
ቀጥዬ የሚያጣብቅ ጨርቅ፣ የልጆች ጫማ ላይ ያለው፤
መያዙንስ ያዘ፣ ድምፁ ነው ያጋለጠው፤
መስጊድ ውስጥ፣ ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ለሩኩዕ ጎንበስ ሲል፣
ጭርርር!
ልጆች ሳቁ።
ሳምንት አልታየም ከዚያ ወዲያ። እኔም አልደፈርኩ ልጠይቅ ልል።

ዓርብ ሱቅ ዝግ ነው። ቀኝ እጄን በሻሽ ከጎኔ አሰርኩ፤
ቀሚሴን ልለብስ ታግዬ፣ ቀትር ሲሆን ላብ በላብ ሆንኩ።
ጥርሴን ሞከርኩ፣ የበሩን እጀታ፣ የአልጋውን እግር፤
ለካስ ልብስም ቅጥር ነው፣ መግቢያ የሌለው አጥር።
አንድ ነገር ግን ያዝኩ፣ ከዚያ ሁሉ መላላጥ፣ መውደቅ፦
የታመመው እጅ ቀድሞ ይልበስ፣ ኋላ ይውለቅ።

ያገሬ ሰው «ክንዴን ሳልንተራስ» ይላል፣ ኑዛዜ ሲያምረው፤
ኸልፋንስ የቱን ይንተራስ? የደረቀውን? ወይስ ዱላ የያዘውን ነው?

ቅዳሜ ዱላውን አስልኬ፣ አንጥረኛ ጋ ወስጄ፣
ጌጥ የሚመስል የናስ መንጠቆ ከጫፉ አሰራሁ፣ ቆሜ አስበጅቼ።
ቀኝ እጅጌውን አሰፋሁት፣ እንዲያንሸራትት ሐር ገበርኩ፤
ብብቱ ሥር ዚፕ አስገባሁ፣ የዚፑን ገመድ ደበቅሁ፣
አንገቱ ላይ ከሚወርደው፣ ሽቶ ከሚጠጣው ዘርፍ ውስጥ፤
ሲስበው የጎኑ ይዘጋል፣
ያየው ሰው ግን ሽቶውን ያሸተተ ይመስለዋል።

በሳምንቱ ያዕሩብ መጣ፣ ልጁ፤ ሂሳብ ሊከፍል መሰለኝ።
«መሬማ፣» አለ፣ ዓይኑን ከክሮቹ ሳያነሣ፣ «ምን አደረግሽኝ?
አባቴ ስሜን እንኳ በቅጡ የማይጠራ ሰው ነው፤
በቀን አሥር ደቂቃ ነበረችኝ፣ እሱን የምነካው።»
ገንዘቡን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።
መልሱን ሳይቀበል ወጣ።

ሁለተኛውን ዲሽዳሻ ስሰፋ ሁሉን እንደ ፊተኛው አደረግሁ፤
አንገቱ ላይ ግን አንዲት ቁልፍ፣ ምስር የምታህል፣ ተውኩ፣
ቀዳዳዋ ጠባብ፣ ባንድ እጅ የማትሆን።
ኸልፋን በግራው ዳሰሳት። ቀና ብሎ አየኝ።
«ይህችን ረሳሻት።»
«ልንቀላት?»
ዱላውን አነሣ፣ መንጠቆውን በአውራ ጣቱ ወለወለ። «ትቆይ፣» አለኝ።

አሁን ቅያሱ ሁሉ ያውቃል፣ ዓሣ ሻጩ፣ ቅመም ነጋዴው፤
አንገቱ ተቆልፎ ካለፈ፣ ልጁ ቤት ነው፤
ተከፍቶ ካለፈ፣ ያዕሩብ ሥራ ወጥቷል፣ ዱቅም ወይ ሱር።
ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ዱላው ቋ፣ ቋ ይላል በር ለበር፤
ሽቶው ቀድሞት ከሱቃችን ይደርሳል፤
የባሕሩ ነፋስ ባንገቱ ገብቶ
ልብሱን እንደ ሸራ ይነፋዋል።