መንገድ የምትል ካርድ

አሥራ ሁለት ዓመት ሰዋስው ቆጥሬ፣
ግሱን ከነጊዜው ልቅም አርጌ አስሬ፣
“ተናገር” ሲሉኝ ነው ሚከዳኝ ከንፈሬ።

ቱሉ ዲምቱ ዳር ነው ካምፓሳችን ያለው፣
ጭቃው በየእርምጃው ጫማ የሚነጥለው።
መምህርት ወይንሸት ጠመኔ አልነካችም፣
እንደ ወትሮዋም “ገጽ ክፈቱ” አላለችም፤
እንደ ቁማርተኛ በውዛ በውዛ
አንዷን ለኔ ሰጠች፣ በሁለት ጣት ይዛ።
ቃሏን ሳትጠራ ማስረዳት ነው ሕጉ፣
ስልኳ ላይ ሰከንዶች እያፈገፈጉ።

ገልብጬ ሳነባት “መንገድ” ናት ቃሊቱ።
“በል እንጂ ጉርሜሳ!” አሉ፤ ነጎደ ሰዓቱ።

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጀመርኩ፦
“በእኛ ቀበሌ… እሱ… ይመጣል ተባለ።
አባቴ ጠበቀ። አልመጣም።
ሰዎች መጡ። ለኩ። ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ሄዱ።
እህቴ ምጥ ያዘ። እሱ የለም።
በቃሬዛ… ሌሊት… ወንዙን…”

“መብራት ነው!” አለ ከድር፤ “ውሃ!” አለች ኑሪያ፤
“ባሏ ነው የቀረው!” አለ አንዱ ከወዲያ።
ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ፣ እኔም ሳቄ መጥቶ፣
“ባሏማ አለ!” እላለሁ፣ ግሱ ቦታ ስቶ፣
“ተሸካሚው እሱ ነው!” እጄ ተወራጭቶ።

ማንም አልገመተም፣ ነጥብ አላገኘሁም፤
ስልኩ ሦስቴ ጮኾ ኖሯል፣ እኔ አልሰማሁም።

ማታ ወደ ኮዬ በታክሲ ስመለስ፣
ጎማው ጭቃ ውጦት ሞተሩ ሲያለቅስ፣
ወርደን ስንገፋ “ሮድ!” አልኩት ረዳቱን።
“ምን አልክ?” አለኝ ዞሮ፣ ጭቃ ለብሶ ፊቱን።
“መልሱን ነው።”
“ይልቅ ግፋ!” አለኝ።