የከንፈር ምስክር

ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዘዴ ነበረኝ፣
ሐኪም ያላዘዘው፣ ሰው ያልነገረኝ፤
ድምፅ ሲመጣብኝ ከንፈር አያለሁ፣
ከተንቀሳቀሰ «አቤት» እላለሁ፤
ካልተንቀሳቀሰ፣ ዝም።
የጭንቅላቴ ደባል ነው፣ ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

እንዲህ ነው የኖርኩት፣ ቫልፓራይሶ ላይ፣
በቆርቆሮ ቤቴ፣ ከኮረብታው በላይ፤
ዳቦ የገዛሁት ከዶን ላውታሮ ሱቅ፣
ከንፈሩን አምኜ፣ ሲቆጣም ሲስቅ።

ወረርሽኙ መጣ።
ከተማው በሙሉ አፉን ሸፍኖ ወጣ።

«መቶ ፔሶ ጎድሏል» አለኝ ድምፅ። ላውታሮ ነው? እሱ?
ወይስ ያ ደባሌ፣ የማይታክት ምላሱ?
ብመልስ እብድ ነኝ፣ ዝም ብል ደንቆሮ፤
ዳቦዬን እዚያው ትቼ ተመለስኩ ወደ ቆርቆሮ።

ሬዲዮው ደግሞ «አትውጡ» ይላል፣ «እጅ አትንኩ፣ አየሩ አይታመን»።
ደባሌ ሳቀብኝ፤ «አላልኩህም? ስንት ዘመን!»
እውነቱን ነው፣ ብሎኛል።
በወጣትነቴ ይህንኑ ባወራ በመርፌ አስተኙኝ፤
ዛሬ አገር ሁሉ ሲለው ይቅርታ እንኳ አልጠየቁኝ።

እህቴ ኦርቴንሲያ ትደውላለች፤ ስልክ ከንፈር የለው።
«በላህ?» ይላል። ማነው ያለው?
ዝም እላለሁ። ታለቅሳለች፤
ወይም አንዲት ሴት ታለቅሳለች።

መድኃኒቴ በየወሩ የደሜን ቃል ይጠይቃል፤
ክሊኒኩ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ተኝቷል።
አሥራ አንድ ክኒን ቀረኝ። መስኮቱ ደፍ ላይ ደረደርኳቸው፤
አንዷ ስትጠራኝ ሰማሁ። ከንፈር የላቸው።

ሐሙስ ዕለት፣ ጭጋጉ ባሕሩን ውጦ፣
ነርሷ ሂሜና ደረሰች፣ ጉልበቷ በደረጃው ቀልጦ፤
ካባ፣ ጓንት፣ መነጽር። መልክ የላትም።
ከመስታወቱ ኋላ ቆምኩ። አልከፈትኩም።
«ኤቫሪስቶ» አለ ድምፅ። ስሜን ደባሌም ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ግራ እጇን አነሣች።
«ስናገር እጄ ከፍ ይላል» አለች፤
«ካልተነሣ፣ እኔ አይደለሁም»።

መስኮቱን በስንዝር ከፈትኩ፣ ክንዴን አወጣሁ።
ደሜን ስትቀዳ ሁለት እጇ ተይዞ ዝም አለች፤
በዚያ መሀል ማን ሲያወራ እንደነበር አወቅሁ።
ከዚያ እጇን አንሥታ ስለ ልጇ የወለቀ ጥርስ አጫወተችኝ፣
ክንዷ እስኪዝል።

ቅዳሜ ለላውታሮ ነገርኩት።
ሳቀ መሰለኝ፣ ዓይኑ ጠበበ፤
ዳቦውን እንደያዘ እጁን ሰቀለ፤ «መቶ ፔሶ!»
ከኋላዬ የተሰለፉት ሰላምታ መስሏቸው
አንድ በአንድ እጃቸውን አነሡ፣
ሴትዮዋ ከነዘንቢሏ፣ ፖሊሱም ጭምር፤
ከመሀላቸው አንዱ «ደህና ዋልክ?» አለኝ።
ማን እንዳለ እግዜር ይወቀው።
እኔ ለሁሉም «አቤት» አልኩ።