አራተኛው ሐዲድ

መስኮቱን በሙሉ ሰማያዊ ቀቡት፣
ከዚራን ባንድ ቀን ባሕር አስመሰሏት።
መጋላም ፋኖሱን እንቅብ ደፋበት፣
ውሻው እንኳ ሲጮኽ ድምፁን ቀነሰበት።
ጣልያን ሰማይ ፈራ፤
አምስት ዓመት እኛን ቁልቁል ያየን ሁሉ
ቀና ብሎ ማየት ለመደ በተራ።

እኔ መዘውር ያዥ፣ የሌሊት ተረኛ፤
ዐሥራ አንድ ሐዲድ አለኝ፣ አንዱም የማይተኛ።
ከሁሉም የከፋው አራተኛው ሐዲድ፤
ሰባት ፉርጎ ቆሟል፣ ሆዱ ሙሉ ባሩድ።
ሸራ ቢያለብሱት፣ ሸራ መች ይደብቃል፤
አፍንጫ ያለው ሰው ባሩድን ያውቃል።

ባጁነይድ ልብስ ሰፊው ሱሪ ሲለካልኝ፣
ጉልበቴ ሥር ሆኖ እንዲህ ሹክ አለኝ፤
«ማክሰኞ፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ ከዔደን ይመጣል፤
አንዲት መብራት ተውለት፣ ሌላውን ያውቃል።
ትንሽ አውሮፕላን ነው፣ ሁለት ሞተር ያለው፤
ሦስት ሰው፣ አራት ቦምብ፤ ሁለተኛ ዕድል የለው።»
ሱሪውን አልሰፋውም። ቀድሞስ ጨርቅ መቼ ነበረው።

ጠርሙሷን ወልውዬ፣ ክሯን አሳጥሬ፣
ባልዲ ውስጥ አኖርኋት፣ ዙሪያዋን ሰውሬ።
ዘበኛው አያያት፣ ፎርማኑ አያያት፤
ወደ ላይ ብቻ ነው የተከፈተላት።
ለምድር የጠፋች፣ ለሰማይ የበራች፣
ከአራተኛው ጎን ጭጭ ብላ አመሸች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ትእዛዝ ተለወጠ፤
«ሊነጋ ሲል ይነሣ!» ፎርማኑ ቆረጠ።
የባቡሩ ራስ እያቃሰተ መጣ፤
መዘውሩን ስቤ አስገባሁት እኔው፣ ሌላ ከየት ይምጣ?

ላዩ ላይ ሮብሌ። ሮብሌ ዋይስ፣ ከሰል አጉራሹ፤
ጥቀርሻ ካፖርቱ፣ አካፋ ትራሱ።
ጫት ስንካፈል ቀንበጡ የእኔ ነው፤
«ጥርስ አለኝ» ይላል፣ ደረቁን የሚያኝከው።

«ውረድ፣ ሻሂ እንጠጣ» አልሁት።
«እሳቴን ለማን ትቼ?»
«ና፣ አሞኛል፣ ደግፈኝ።»
ሳቀ። «አንተ ደግሞ መቼ ታመህ ታውቃለህ?»
ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።
አንዲት ቃል ቀረችኝ፣ ሦስት ፊደል፤
ጥርሴ ላይ ቆማ ቀረች።

ባልዲውን ብደፋው ሮብሌ ይተርፋል።
ባልዲውን ብደፋው ባሩዱ ይነጉዳል፣
ጋራ ላይ ላሉት ልጆች ደረት ይደርሳል።
እጄ ባልዲው ጠርዝ ላይ ነበር።
ከዚያ ድምፁ መጣ፤
ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ የባጁነይድ መኪና
ጨለማውን ከጨለማ ጋር ሲሰፋ።
እግሬ እኔን ሳያማክር ሸሸ።

አንደኛው ደቻቱ አሸዋ ላይ ወደቀ።
ሁለተኛው የጋራዡን ቆርቆሮ አረገፈ።
ሦስተኛው አልፈነዳም።
አራተኛው አራተኛውን አገኘው።
የከዚራ መስኮት በሙሉ ተሰበረ፤
ያ ሁሉ ባሕር መንገድ ላይ ፈሰሰ።

አብራሪው ዞሮ ሄደ። ስሙን አላውቅም፤
እሱም የእኛን አያውቅም።
ዔደን ሲደርስ ቁርሱን በልቶ ይሆናል፣
መዝገቡም ላይ «ተሳክቷል» ብሎ ይሆናል።
እውነቱን ነው። ተሳክቷል።

ከሮብሌ የተገኘውን በሸራ ጠቀለልን።
የጣቢያው ጋን ተበስቷል፤ ማጠቢያ የለም።
ደቻቱ ግን፣
ሴቶች ክንዳቸው እስኪጠፋ ቆፍረው
ጣሳ የሚቀዱበት ደቻቱ፣
ቦምቡ በማሰው ጉድጓድ ውሃ አቁሮ ጠበቀን።
የባልዲውን መንትያ ይዤ ወረድሁ።
ሮብሌ፣ በእነሱ ቋንቋ፣ ከዝናብ ጋር የመጣ ማለት ነው፤
ያጠበው ሼህ ነገረኝ፣ ውሃውን እያፈሰሰ።
ስምንት ዓመት አብሬው ስሠራ አልጠየቅሁትም።

ጣልያን ወጣ። ባጁነይድ ሱሪ ሰፋልኝ፣
በዚህ ጊዜ የእውነት ሱሪ፣ በነጻ።
ሣጥን ውስጥ አለ።

ዛሬም የትም ይሁን፣ የማንም ግቢ፣
አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ባልዲ
ካየሁ አላልፍም፤ ባለቤቱ ይቆጣ፣
ሄጄ እደፋዋለሁ።