ነፋስ በዱቤ

«ብቻውን ይነሳል እኩለ ሌሊት ላይ፤
ሳንቲም ሳይገባለት፣ ሰው በሌለበት፣
ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይጮሃል ወደ ሰማይ፣
ከዚያ ዝም» አሉኝ በስልክ
እትዬ አስካለ፣ የላቫጆው ባለቤት፣
ከአዳማ በወለንጪቲ መውጫ፣
የጅቡቲ ከባድ መኪና አቧራውን የሚያራግፍበት።

ቴስተሬን በቦርሳ፣ በባጃጅ ደረስኩ።
ዘበኛው ጋሽ ሁሪሳ በሩ ላይ ቀደሙኝ፤
ሰይጣን ነው ብለው ትናንት
ጠበል እንደረጩበት በኩራት ነገሩኝ።
ፊውዙ ጧ! ግቢው ሁሉ ጨልሞ አደረ።
«ታዲያ ሰይጣኑ ወጣ?»
«መብራቱ ነው የወጣው፤ እሱስ እዚያው ቀረ።»

ሸምሱ ግን አልሳቀም።
አንገቱን ደፍቶ ጎማ ይፈትጋል።
እትዬ አስካለ ደብተር ዘረጉ፦
«ቆጣሪው ሁለት መቶ አሥራ አራት ይላል፤
ሣጥኑ ውስጥ ያለው መቶ ስልሳ አንድ።
ሃምሳ ሦስት ባለ አንበሳ ብር የት ገባ?
ቁልፉ ያለው ከእኔና ከዚህ ልጅ ዘንድ።»
ሦስት ሳምንት ሆኗል ከደመወዙ ሲቆርጡ፣
እሱም ሦስት ሳምንት ምሳውን ሲያሳጥር፤
መሃላም አልማለ፣ «አልነካሁም» አላለ፣
የሚያየው አረፋውን ነው፣ ሲሄድ በቦይ ዳር።

ማሽን አይዋሽም ይላል ሰው። ይዋሻል።
እንደኛው ነው እሱም፣ እውነት ቀላቅሎ ያወራል።
ስለዚህ ሳላምነው ጀመርኩ ከመሠረቱ፦
ፌዝና ኒውትራል፣ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ቮልት፤
ደህና ነው መብራቱ።
ሪሌው ጠቅ ይላል። ታይመሩም ልክ ነው።
የሞተሩ ካርቦን ተበልቶ የጥፍር ያህል ቀርቶታል፤ ግን ገና ነው።
ከረጢቱን ፈታሁ፣
የመንገደኛው ገመና መሬት ላይ ተዘረገፈ፦
ጓደኛዋን ያጣች ጉትቻ፣ ሳይፋቅ የቀረ ሎተሪ፣
የመተሃራ አሸዋ፣ የጫት ገረባ፣
የሐኪም ቀጠሮ፣ ቀኑ ያለፈ።
ይህን ሁሉ የዋጠ ጉሮሮ
ሳንቲም መቁጠር ላይ ለምን ሰነፈ?

ገጥሜ እንደጨረስኩ ነፋሱ መጣ።
በአዳማ ነፋስ ከመድረሱ በፊት ይታያል፤
ኮረብታው ላይ የቆሙት ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፣
ከዚያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ የተሰጣው ፎጣ፣
ከዚያ አቧራው በጥርስ መሃል ይንቀጫቀጫል።

የሽቦው ቱቦ ግድግዳው ላይ ተወዛወዘ፤
ቀጭ።
ሁለት መቶ አሥራ አምስት።
ሞተሩ እየጮኸ አየር መሳብ ያዘ።
እኔ እጄ በኪሴ፣
ሸምሱ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ።

ኃይሉን ቆርጬ ቱቦውን ከፈትኩ፦
ከሳንቲሙ በር የመጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች
በብረቱ ስለት ተፍቀው፣ ልብሳቸው ተገፎ፣
ነፋስ በገፋቸው ቁጥር ይነካካሉ፤
ያን ጊዜ ለማሽኑ አንድ ብር ገባ ማለት ነው።
ሃምሳ ሦስት ጊዜ ነፋስ በዱቤ ተስተናገደ፣
ሂሳቡ ከሸምሱ ምሳ ላይ ተጎመደ።

መብራቱን መልሼ፣
እትዬ አስካለ እያዩ ቱቦውን በጣቴ ነካሁት።
አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት።
ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቆዩ፣ ደብተሩን ከደኑት።
«ታዲያ አሁን፣ ከነፋሱ ልቁረጥ ነው የምትይኝ?»
ይቅርታ አልነበረም። የይቅርታ ጎረቤት ነበር።
ሸምሱ ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጎርዶ አቀበለኝ፣
በሽቦውና በስለቱ መሃል የሚገባ፣
ልክ እንደተለካ፣ ሳልጠይቀው።

ማታ ቤቴ ተኝቼ ቆርቆሮው ሲንኳኳ
ቁጥር ይመጣብኛል፦ አንድ፣ ሁለት...
የማላውቀው ሰው ስንት ከፍሎልኛል ለካ፣
እኔስ ስንቱን አስከፍያለሁ፣
ሽቦው ሳይፈተሽ፣
«ቆጣሪው ይላል» ብዬ፣ በሙሉ እርግጠኝነት።