አንድ ጣት

ፑንታ አሬናስ ወደብ፣ ነፋስ ሰውን በሚገፋበት፣
መንገደኛ እንዳይወሰድ ገመድ በሚዘረጋበት፣
በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ሃያ ዓመት ሞተር ሠራሁበት።
ሞተር ሲያመው አውቃለሁ፣ ገና ሳይቆም፣ ሳያጨስ፣
በሳሉ፣ በማቃሰቱ፣ በትንፋሹ መቀነስ።
ጆሮዬን በብረት ዘንግ ከጎኑ ላይ አስጠግቼ
«ሦስተኛው ቫልቭ ነው» እላለሁ፣ ሳልፈታው፣ ቆሜ ሰምቼ።
አንድ ቀን አልሳትኩም።

ልጄን ግን አልሰማኋት።

አማንካይ ቸኩላ መጣች፣ ከቀኗ አሥራ አንድ ሳምንት ቀድማ፣
ክብደቷ የአንድ መፍቻ፣ ለቅሶዋ እንኳ የማይሰማ።
በአፏ የገባው ቱቦ ሕይወቷን አቆየላት፤
ያው ቱቦ ጉሮሮዋን አቁስሎ፣ አጥብቦ ተወላት።
ጠባሳው ሲጠብ፣ ሲጠብ፣ የገለባ ቀዳዳ ሲያክል
ሐኪሞቹ በር ከፈቱ፣ ከአንገቷ ግርጌ፣ መካከል።

ከዚያ ወዲያ አየር በአንገት እንጂ በአፍ አላለፈም፤
ስታለቅስ እንባ ብቻ ነው፤ ስትስቅም ድምፅ የለም።
ቤታችን ውስጥ የሚጮህ አንድ ነገር ብቻ ነበረ፦
አክታ መምጠጫው ማሽን፣ ቀን ከሌት ያጓረረ።

ሚስቴ ኤድልሚራ ቀኑን ትይዛለች፣ ሌሊቱ የእኔ ነው።
ጓንት፣ የጨው ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር፤
አምስት ሳልል ማውጣት አለብኝ፣ ትንፋሿ እንዳይቸገር።
እንቅልፍ ቢጥለኝ እንኳ ጆሮዬ ነቅቶ ይጠብቃል፤
ፉጨቷ ክር ያህል ከወፈረ እግሬ ከአእምሮዬ ቀድሞ ያውቃል።

አራት ዓመት ሲሞላት ዶክተር ቩኮቪች ጠራችኝ፤
ወረቀት ላይ ቱቦ ስላ፣ እንደ መካኒክ ለመካኒክ ነገረችኝ፦
«ከጎድኗ ለጋ አጥንት እቆርጣለሁ፣ የጥፍር ያህል፣ ስስ፤
የጠበበውን ሰንጥቄ እሰፋበታለሁ፣ እንዲሰፋ፣ እንዲተነፍስ።»
ኤድልሚራ ከበሩ ቆማ፣ ሹራቧን እየጨበጠች፣
«ከጎን አጥንት ሴት ይሠራል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች፣
«ከራሷ ጎን ራሷን ግን?» ሌላ ቃል አልጨመረች።

ሰባት ሰዓት ጠበቅን። ከኮሪደሩ ጥግ ያለ ማቀዝቀዣ
ብሎኑ ላልቶ ይንጫጫል፤ አጣሁ ለእጄ መያዣ።
በሳንቲም ጠርዝ ጎንበስ ብዬ አጠበቅኩት፤
እኔ ስጠብቅ እሱ ጠበቀ። ሌላ ምን ልሥራ? ሠራሁት።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ዝናብ በጎን ሲዘንብ፣
ዶክተሯ በካሜራዋ ዐየች፣ ደግማ፣ ሳትቸኩል፣ በማሰብ፤
«ሰፍቷል» አለች።
የሰፋችው ሰፍቷል።

ከዚያ ጓንቷን አወለቀች፣ ጣቷን በአልኮል አበሰች፣
ከቱቦው አፍ ላይ፣ እንደ ክዳን፣ ቀስ ብላ አሳረፈች።
አማንካይ ደነገጠች። አየሩ የለመደውን በር ሲያጣ
ወደ ላይ፣ ወደማያውቀው መንገድ፣ እየዳሰሰ ወጣ።
እናቷ «ማማ»ን ጠበቀች፣ አራት ዓመት በልቧ ይዛ፤
እኔም የራሴን ጠበቅኩ፣ ምን ይደበቃል።
ልጅቷ ከንፈሯን አሹላ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ተንጠራርታ
ግርርርርር አለች፦ ረጅም፣ ሻካራ፣ ከሆዷ አውጥታ።

መምጠጫው ነበር፤ ራሱ። ሲነሳ የሚስለው ሳል፣
ሲጠፋ ጠቅ የሚለው ሳይቀር በምላሷ ተቆጥሯል።
ነርሷ ሳቀች። ኤድልሚራ ፊቷን በሹራቧ ሸፈነች።
ለካ ከጨለማው ማዶ፣ እኔ ትንፋሿን ስቆጥር፣
እሷም ጆሮ ነበራት፤ ታጠና ነበር የእኔን ሞተር።

በጩኸቷ መጨረሻ ግን አንዲት ቀጭን ፉጨት ነበረች፤
«ይቺን አላውቃትም» አልኩ። ልጄ ከየት አመጣች?
ማታ ማሽኑን ፈታሁት፣ ብሎን በብሎን፣ በባትሪ መብራት፤
ከክዳኑ ሥር ጎሚኒው ተሰንጥቋል፣ የፀጉር ያህል ቅጥነት።

አንድ ቀን አልሳትኩም ያልኩት እኔ፣ ይህችን ስቼ ኖርኩ።
ጎሚኒውን ቀየርኩ። ልጄን ቀስቅሼ አስደመጥኩ።
ጆሮዋን ከማሽኑ ጎን አስጠጋች፣ እንደ እኔ፣ አንገቷን ሰብራ፤
ቆየች።
ከዚያ ጣቷን፣ የራሷን ትንሽ ጣት፣ ከአንገቷ ላይ አኑራ
ግርርርር አለች።
ፉጨቷ የለችም።